ስፌቱ ተተረተረብኝ፤ ለቤት ቢራ የትኛው የብቅል ከረጢት ይሻላል?

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው። ቤት ውስጥ ቢራ መጥመቅ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ። የምጠምቀው በከረጢት ነው። አሠራሩን ያስለመዱት የአውስትራሊያ የቤት ጠማቂዎች ናቸው። እንደኔ ጠባብ አፓርታማ ውስጥ ለሚኖር ሰው ተመችቷል። አንድ ድስት፣ አንድ ከረጢት፣ በቃ። ውሃውን ታሞቃለህ። ከረጢቱን ድስቱ ውስጥ ታነጥፋለህ። የተከካውን ብቅል ትጨምርበትና አንድ ሰዓት ትዘፈዝፈዋለህ። ከዚያ ከረጢቱን ከነብቅሉ ታወጣለህ። የቀረውን ጣፋጭ ውሃ እዚያው ድስት ላይ ከሆፕ፣ ማለትም ቢራን ከሚያመረው አበባ ጋር ታፈላዋለህ።

ባለፈው ቅዳሜ ግን ጉድ ሆንኩ። 5 ኪሎ ብቅል በ27 ሊትር ውሃ ዘፈዘፍኩ። በ67 ዲግሪ ሴልሺየስ አንድ ሰዓት አቆየሁት። ሰዓቱ ሲሞላ የከረጢቱን አፍ ሰብስቤ በሁለት እጄ ማንሳት ጀመርኩ። ገና ግማሹ እንደወጣ ከሥሩ ትርርር የሚል ድምፅ ሰማሁ። ስፌቱ ከጥግ እስከ ጥግ ተተረተረ። ብቅሉ ተመልሶ ድስቱ ውስጥ ተዘረገፈ። ሙቁ ውሃ ተፈናጥሮ የግራ እጄን አንጓ አቃጠለኝ። ማታውን ውሃ ቋጠረ።

ከረጢቱን አጥቤ መብራት ላይ ዘርግቼ አየሁት። ጨርቁ አንድም ቦታ አልተቀደደም። የከዳኝ ስፌቱ ነው። ነጠላ ስፌት ነው፤ ያውም ከጨርቁ ጠርዝ ግማሽ ሳንቲ እንኳ ያልራቀ። የቀረውን ክር በጣቴ ሳብ ሳደርገው ብጥስ አለ። ከኢንተርኔት ስገዛው ያየሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የቀዳዳውን ደቃቅነት። ቀዳዳው በደቀቀ ቁጥር ቢራው ይጠራል ብዬ ስለማምን በጣም ደቃቁን መረጥኩ።

አሁን ልጠይቃችሁ። ጨርቁ ምን ይሁን? ልኩስ እንዴት ይወሰዳል? ዝግጁ ልግዛ ወይስ ላሰፋ? አንድ ሰው ብቻውን ሳይጎዳ እንዴት ያነሳዋል?

ይህን ከጻፍኩ ወዲህ 24 መልስ ደረሰኝ። አንዳንዱ የጥያቄዬን መልስ በደንብ ያዘ፣ አንዳንዱ ሌላ ወሬ ይዞ ሄደ፣ መሀል ላይ ጠብም ነበር። አዲስ የሚገባ ሰው ሁሉንም ማንበብ ስለሚከብደው የተባለውን በየቁጥሩ እዚሁ ከጥያቄዬ ሥር ጽፌዋለሁ።

1ኛው መልስ የመጣው ከሲያትል ነው። ጸሐፊው መጀመሪያ ስለ ከረጢቱ አላወራም። እግዜር ይማርህ ካለኝ በኋላ፣ ሲቃጠሉ ወዲያው በሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር 20 ደቂቃ መያዝ እንደሚገባ፣ ቅቤም የጥርስ ሳሙናም መቀባት እንደሌለበት ጻፈልኝ። እኔ ቅቤ ቀብቼ ነበር። ወደ ጥያቄው ሲመለስ ምርጫው ፖሊስተር ነው። ናይለንም ይሠራል፤ ግን የብቅል ውሃ በትንሹ አሲድነት አለው፣ ናይለንን ደግሞ አሲድና ሙቀት አብረው ሲያገኙት ከጊዜ ጋር እያደከሙት ይሄዳሉ። ፖሊስተር ይህን በደንብ ይችላል። ፈረንጆቹ ቮይል የሚሉት ስስ የፖሊስተር ጨርቅ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል ብሎ ጨረሰ።

2ኛው መልስ አዲስ አበባ ሳሪስ አካባቢ ከሚጠምቅ ልጅ ነው። ቮይል የተባለው ሌላ ነገር ሳይሆን በየቤታችን መስኮት ላይ የተሰቀለው ስስ መጋረጃ መሆኑን ነገረን። መርካቶ ገብቶ በሜትር ገዛ። ሰፈሩ ያለ ልብስ ሰፊ ሰፋለት። የመጋረጃ ነጋዴ ጨርቁ ፖሊስተር ይሁን ጥጥ ላያውቅ ስለሚችል ልጁ ራሱ ይፈትነዋል። ከጠርዙ ሁለት ሦስት ክር ይመዝና በክብሪት ያቃጥለዋል። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ነድዶ አመድ ይሆናል። ፖሊስተር ከሆነ ግን ይቀልጥና ሲበርድ ጠንካራ ጥቁር ዶቃ ነገር ሆኖ ይቀራል። ይህን ፈተና ወድጄዋለሁ። እኔም ቤት ያለኝን ጨርቅ ሁሉ በዚህ መንገድ ፈትኜ ጨረስኩ።

3ኛው ትንሽ ቆጣ ብሎ ገባ። ለመስኮት የተሠራ ጨርቅ ሆዳችን ለሚገባ ነገር መዋል የለበትም፣ ቀለሙስ ምን እንደሆነ ማን ያውቃል የሚል ነው። 4ኛው መልስ የሳሪሱ ልጅ ነው። አልተቀየመም። ያልተቀለመ ነጩን ብቻ እንደሚገዛ፣ መጀመሪያ ሽታ በሌለው ሳሙና አጥቦ ከዚያ በንጹህ ውሃ ግማሽ ሰዓት ቀቅሎ ውሃውን እንደሚደፋ አስረዳ። አዲስ ጨርቅ ከፋብሪካ ሲወጣ ማጠንከሪያና ማለስለሻ ነገር ስለሚቀባ ይህን መዝለል አይገባም። የ3ኛው መልስ ባለቤት ግን አልረካም። ጉዳዩን በኋላ ይመለስበታል።

5ኛዋ አንዲት እህት ናት፣ ከሚኒሶታ። ያስቸገራትን ነገር ከራሷ ልምድ ነገረችን። እናቷ የላከችላት አቡጀዲ ነበራት። ንጹህ ጥጥ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ስፌቱም አይበጠስም ብላ በእሱ ሞከረች። ከረጢቱን አውጥታ ሰቀለችው። ጠብ፣ ጠብ ብቻ። ሁለት ሰዓት ጠበቀች፤ ግማሹ ጣፋጭ ውሃ ከብቅሉ ጋር እንደታቆረ ቀረ። አቡጀዲ ክሩ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ሲርስ ደግሞ ያብጥና የባሰ ይደፈናል። በሚቀጥለው ሻሽ ተጠቀመች። እሱ በተቃራኒው ሳሳ። የብቅሉን ዱቄት አሳልፎ ድስቱ ሥር ገንፎ አስቀመጠላት። ጥጥ በዚያ ላይ ውሃ ስለሚይዝ ቶሎ አይደርቅም፤ በሁለተኛው ሳምንት ሻገተባት። ሻሽ አንዴ ተጠቅሞ ለሚጥል ሰው ይሆናል ባይ ናት።

6ኛው መልስ እኔን ነው የመታኝ። ጸሐፊው ብዙ ዓመት የጠመቀ ይመስላል፤ አነጋገሩም ደረቅ ነው። ቀዳዳው በደቀቀ ቁጥር ቢራው ይጠራል የሚለው እምነቴ ስህተት መሆኑን በቀጥታ ጻፈ። ቢራን የሚያጠራው ከረጢት አይደለም። በደንብ መፍላቱ፣ ከፈላ በኋላ ቶሎ መቀዝቀዙ፣ እርሾው ሥራውን ጨርሶ መዝቀጡና በቅዝቃዜ መቆየቱ ናቸው የሚያጠሩት። የከረጢቱ ሥራ ገለባውንና ክኩን መያዝ ብቻ ነው። ከ200 እስከ 400 ማይክሮን (አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው) ያለው ቀዳዳ ለዚህ ከበቂ በላይ ነው። ከዚያ በታች ሲደቅ የሚያተርፈው መደፈንን ነው። የተደፈነ ከረጢት ውሃውን አቁሮ ስለሚነሳ ይከብዳል። ያ ክብደት ነው ስፌትህን የበጠሰው ብሎ ደመደመ።

መጀመሪያ ከፋኝ። በማግስቱ ግን የተተረተረውን ከረጢት ባልዲ ላይ ወጥሬ አንድ ሊትር ውሃ አፈሰስኩበት። ውሃው ጨርቁ ላይ ኩሬ ሠርቶ ቆመ። ከዚያ ቀስ እያለ ወረደ። ንጹህ ውሃ እንዲህ ከቆመበት ብቅል የበዛበት ውሃማ ምን ይሁን? ሰውየው ትክክል ነው።

7ኛውና 8ኛው መልስ ስለ ልክ ናቸው። ለኔ ከሁሉም የጠቀሙኝ እነዚህ ስለሆኑ ዘርዘር ላድርጋቸው። 7ኛው ከረጢት እንደ ሻይ ከረጢት ድስቱ መሀል መንሳፈፍ እንደሌለበት ጻፈ። ድስቱን ከውስጥ እንደ ልብስ ገበር ሙሉ በሙሉ ማልበስ አለበት፤ አፉም ከድስቱ ከንፈር ወጥቶ ወደ ውጭ መታጠፍ አለበት። እንደዚያ ሲሆን ብቅሉ በሰፊው ይዋኛል፤ ውሃውም ሁሉንም ጋ ይደርሳል። ጠባብ ከረጢት ውስጥ የታጨቀ ብቅል መሀሉ ደረቅ ጉብታ ሆኖ ይቀራል። ልኩን ሲሰጥ ግን የድስቱን ዙሪያና ቁመት ብቻ ወሰደ።

8ኛው አስተካከለው። የድስቱ ሥር ተረስቷል። የኔን ድስት ልክ ጠይቆኝ ነበርና በእሱ አሠላው። ድስቴ 38 ሊትር፣ ማለትም 10 ጋሎን ይይዛል። ወርዱ 40 ሳንቲ፣ ቁመቱ 32 ሳንቲ ነው። ዙሪያው ወደ 126 ሳንቲ ይመጣል። ከረጢቱ ሁለት ገጽ ስለሆነ የአንዱ ገጽ ወርድ የዙሪያው ግማሽ፣ 63 ሳንቲ ይሆናል። ላላ እንዲል 4 ሳንቲ ይጨመርበታል፤ 67 መጣ። ለቁመቱ የድስቱ 32፣ ሥሩን ለመሸፈን የወርዱ ግማሽ 20፣ ለመታጠፊያ 15፤ ይህም 67። በ7ኛው ስሌት ብቆርጠው ኖሮ ከረጢቱ የድስቱን ሥር ሳይነካ ተንጠልጥሎ ይቀር ነበር። የድስቱን አቅምም አብሮ አየልኝ። 27 ሊትር ውሃ ላይ 5 ኪሎ ብቅል ሲገባ ከ3 ሊትር በላይ ከፍ ያደርገዋል፤ 30 ሊትር ገደማ። 38 ሊትር ድስት ያለ ጭንቀት ይይዘዋል። ከ27ቱ ውሃ 4 ያህሉ በመፍላት ይተናል፣ 3 ያህሉ ብቅሉ ጋ ይቀራል፣ አንዱ ድስቱ ሥር ከሚዘቅጠው አተላ ጋር ይቀራል፣ 19 ሊትር ቢራ ይገኛል። 7ኛው ስህተቱን ወዲያው ተቀብሎ አመሰገነ። እንደዚህ ዓይነት ሰው ብዙ አይገኝም።

9ኛው አሜሪካ ያሉትን የሚመለከት ነው። የቤት ዕቃ መደብሮች የሚሸጡት ቀለም ማጥለያ ከረጢት ርካሽ ነው፣ አፉ ላይ ላስቲክ አለው፤ የ5 ጋሎን ባልዲ አፍ ላይ ልክ ይሆናል። ለጀማሪና ለትንሽ ጠመቃ ጥሩ ነው። ለኔ ድስት ግን ይጠባል፤ ስፌቱም ለ5 ኪሎ ብቅል የታሰበ አይደለም።

10ኛው ስለ አከካክ ጻፈ። ወንድማችን ብቅሉን በቡና መፍጫ ፈጭቶ እንደ በሶ ዱቄት አደረገው። ከረጢቱ ሊጥ ተሞላ። የከረጢት ጠማቂ ከሌላው ትንሽ አድቅቆ ሊከካ ይችላል፤ ምክንያቱም ውሃው የሚያልፈው በጨርቁ እንጂ በገለባው ንጣፍ አይደለም። ይሁን እንጂ ይከካ እንጂ አይፈጭ። ገለባው ተሰንጥቆ ሙሉ መልኩን እንደያዘ መቅረት አለበት። ስንዴ የሚያበዛ ሰው ደግሞ ስንዴ ገለባ ስለሌለው የሩዝ ገለባ ቢጨምርበት ይንጠፈጠፍለታል።

ከ11 እስከ 14 ያለው ጠብ ነው። የተነሳው ከረጢቱ ከወጣ በኋላ ይጨመቅ ወይስ አይጨመቅ በሚለው ላይ ነው። 11ኛው ፈጽሞ እንዳትነካው አለ። የተጨመቀ ብቅል ታኒን የሚባል ገለባው ውስጥ ያለ ነገር ያወጣል፣ ቢራው ብዙ እንደቆየ ሻይ አፍ ያኮማትራል የሚል ነው። 12ኛው የ6ኛው መልስ ደረቅ ሰውዬ ነው። ይህ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲወራ የኖረ ፍርሃት መሆኑን፣ ታኒን የሚያወጣው የእጅ ጉልበት ሳይሆን ከ77 ዲግሪ ያለፈ ሙቀትና ከ6 በላይ የወጣ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) መሆኑን ጻፈ። እስከዚህ ድረስ መልካም ነው። ከዚያ ግን 11ኛውን ሳያውቅ የሚያስተምር ብሎ ነካው። 13ኛው መልስ ላይ 11ኛው ተቆጣ። ሰውን አክብሮ ማስረዳት የማይችል ሰው ዕውቀቱ ለማን እንደሚጠቅም ጠየቀ። 14ኛው ላይ የኛው 3ኛ መልስ ተመልሶ መጣ። ሁለቱንም ትቶ ፕላስቲክ ጨርቅ በሙቅ ውሃ መዘፍዘፍ ራሱ እብደት ነው አለና የመጋረጃውን ነገር እንደገና ቀሰቀሰ።

እኔ ፍርዴን ልናገር። በነገሩ 12ኛው ልክ ነው፤ በአነጋገሩ 11ኛው ልክ ነው። ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ ጨምቄ ጠምቄያለሁ፤ አፍ የሚያኮማትር ነገር አላገኘሁም። ያለ መጭመቅ ብቅሉ በኪሎ አንድ ሊትር ያህል ይዞ ይቀራል። ሲጨመቅ ወደ ግማሽ ይወርዳል። 5 ኪሎ ላይ ይህ የሁለት ሊትር ተኩል ልዩነት ነው። ፕላስቲክ የሚያሳስበውን ሰውም አልነቅፍም። ሥጋቱ የራሱ ነው፤ ለእሱ ከስቴንለስ የተሠራ ወንፊት ቅርጫት አለ። ይከብዳል፣ ዋጋውም ውድ ነው፣ ግን አለ።

ከዚህ ጠብ በኋላ ውይይቱ የተዘጋ መስሎኝ ነበር። 15ኛው መልስ ሁላችንንም አረጋጋን። የጻፉት አንዲት እናት ናቸው፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ። ልጆቼ ብለው ነው የጀመሩት። ቢራ አይጠምቁም። ለፋሲካና ለገና ግን ጠላ ይጠምቃሉ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አልተዉም። ጥያቄያቸው ይህ ከረጢት ለጠላ ይሆን ወይ የሚል ነው። ከጥያቄያቸው በፊት ግን እንዴት እንደሚሠሩ ነገሩን። ጌሾውን ጠንስሰው ያቆያሉ። ከዚያ ብቅሉና ቂጣው ይገባል። ከዚያ እንኩሮው ይጨመርና ድፍድፉ ይሆናል። ድፍድፉ ሲደርስ በውሃ ይበርዙትና አፉን ከድነው ያሳድሩታል። አገር ቤት እያሉ ጋኑን በግራዋ አጥበው በወይራ ያጥኑት ነበር። አሁን ያለቻቸው የፕላስቲክ በርሜል ናት። የሚቸገሩት ማጥለሉ ላይ ነው። ነጠላ ላይ ሲያጠሉት ይደፈናል፤ በወንፊት ሲያጠሉት ጉሽ ይሆናል። ልጆቻቸው ጉሹን አይወዱም።

እዚህ ላይ ያልጠበቅነው ሰው መለሰ። 16ኛው ያ ደረቅ ሰውዬ ነው። አንደበቱ ተለውጦ፣ እትዬ እያለ፣ ቢራና ጠላ ከረጢቱን የሚጠቀሙበት ሰዓት እንደሚለያይ በዝርዝር ጻፈላቸው። በቢራ ከረጢቱ የሚገባው ከመፍላቱ በፊት ነው። ጨርቁ ላይ የቀረ ተሐዋሲ ቢኖር ቀጥሎ አንድ ሰዓት የሚፈላው ውሃ ይገድለዋል። ስለዚህ ንጹህ ከሆነ ይበቃል። ጠላ ግን የሚጠለለው እርሾው ከሠራ በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ እሳት አያገኘውም። ያልተቀቀለ ከረጢት ከገባበት በሁለት ቀን ሊኮመጥጥ ይችላል። ስለዚህ ለጠላ የሚሆነው ከረጢት ለብቻው ይቀመጥ፣ ከመጠለሉ በፊት በፈላ ውሃ ይቀቀል። ሁለተኛው ነገር አየር ነው። ጠላን ከከፍታ እያፈሰሱ ማጥለል አየር ያስገባበታል፤ አየር ደግሞ ኮምጣጤ የሚያደርጉትን ተሐዋስያን ይቀሰቅሳል። ከረጢቱን ባዶው በርሜል ውስጥ አልብሶ፣ ድፍድፉን ቀስ ብሎ ገልብጦ፣ ከዚያ ከረጢቱን ማንሳት ይሻላል። ውሃው ከታች ይቀራል፤ አተላው ከላይ ይወጣል። ያንኑ አተላ ከነከረጢቱ ሌላ ዕቃ ውስጥ ውሃ ቢጨምሩበት ቅራሪ ይወጣቸዋል። ለጠላ ደቃቁ ጨርቅ እንደሚሻልም ጨመረ። እኔን ያስገሠጸኝ ደቃቅነት ለእሳቸው ትክክል ነው ማለት ነው። እሳቸውም መርቀውት ሄዱ።

17ኛዋ ከዱባይ የጻፈች እህት ናት። አልኮል እንደማትቀምስ፣ ውይይቱን የተከታተለችው ለቃሪቦ ብላ መሆኑን ነገረችን። የቆላችውን ገብስ ከረጢት ውስጥ አድርጋ ብታፈላው ማጥለሉ ይቀርላት እንደሆነ ጠየቀች። ይቀርላታል።

18ኛው በስተመጨረሻ ዕቁብ ላይ ቢራውን በጠርሙስ መሸጥ እንደጀመረ በደስታ ጻፈ። 19ኛው ብዙ ሳይቆይ በቁጣ አስቆመው። ቁጣው በዝቷል፤ ነገሩ ግን መታወቅ ያለበት ነው። አሜሪካ ውስጥ የቤት ቢራን የፈቀደው የፌዴራል ሕግ እ.ኤ.አ. በ1978 የተፈረመ ነው። አንድ አዋቂ ብቻ ያለበት ቤት በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ያሉበት ቤት 200 ጋሎን ለራሱ መጥመቅ ይችላል። ለወዳጅ መጋበዝ ሌላ ነው። መሸጥ ግን ፈቃድ ይጠይቃል። ክልሎችም የየራሳቸው ሕግ አላቸው፤ አላባማና ሚሲሲፒ የፈቀዱት እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። 18ኛው መልሱን አጠፋው፤ ቁጥሩ ብቻ ቀርቷል።

20ኛው የማንሳቱን ጥያቄ መለሰልኝ። ወገቡን አሞት የተማረ ሰው ነው። ከሁሉ በፊት እሳቱ ይጥፋ። ጋራዥ ያለው ጣራው ላይ መንጠቆና ፑሊ ይስቀል። አፓርታማ ያለ ሰው ድስቱን ወለል ላይ አያድርግ፤ ከጉልበት ከፍ ያለ ነገር ላይ ያስቀምጠው። ከረጢቱን ከፍ ሲያደርግ የኦቭን ሽቦ ፍርግርግ ድስቱ አፍ ላይ ያጋድም፣ ከረጢቱን እዚያ ላይ ያሳርፍ። ድስቱ ላይ እየተንጠፈጠፈ ሰውየው ያርፋል። ክንድ የሚሸፍን ወፍራም የጎማ ጓንት ደግሞ ግድ ነው። እኔ ይህ ጓንት ኖሮኝ ቢሆን እጄ ላይ ጠባሳ አይኖርም ነበር።

21ኛው የተቃጠለ ከረጢት ፎቶ ለጠፈ። ውሃው ሲቀዘቅዝበት ብቅሉ ሳይወጣ እሳቱን ለኮሰ። የድስቱ ሥር ላይ የተኛው ጨርቅ ቀልጦ የብር ሳንቲም የሚያህል ቀዳዳ ወጣለት። ድስቱ ውስጥ ከከረጢቱ ሥር ክብ የኬክ ማቀዝቀዣ ሽቦ ያስቀምጡ፤ ዳሩ ስለት እንዳይሆን በእጅ ይዳስሱት።

22ኛው ስለ አጠባብ ነው። አተላውን ካራገፉ በኋላ ከረጢቱን ገልብጦ ወዲያው በሙቅ ውሃ ማጠብ፣ ሽታ ያለው ሳሙና አለመጠቀም፣ አየር ላይ ሰቅሎ እስኪደርቅ አለማጠፍ። የሚኒሶታዋ እህት 23ኛ ላይ ተመልሳ አተላውን ለዳቦ እንደምትጠቀምበት ጻፈች። ከሊጡ ሩብ ያህል ታደርገዋለች። አገር ቤት የቢራ ፋብሪካ አተላ ለወተት ላም የሚሸጥበትን ዘመን አንስተው ሁለት ሦስት ሰው ትዝታውን አወራ፤ ጥሩ ትዝታ ነበር።

እኔስ ምን አደረግሁ? ነጭ ስስ የፖሊስተር መጋረጃ ገዛሁ። በክብሪት ፈተንኩት፤ ዶቃ ሆነ። አጥቤ ቀቀልኩት። በ67 በ67 ላይ ለስፌት በየጎኑ 2 ሳንቲ ጨምሬ ቆረጥኩት። አውሮራ ያለች አንዲት የሐበሻ ልብስ ሰፊ ጋ ወሰድኩት። ምን እንደሆነ ስነግራት ስፌቱን ሁለቴ አጥፋ ጥሬው ጠርዝ ውስጥ እንዲቀበር አደረገች። በፖሊስተር ክር ሁለት መስመር ሄደችበት። ከዚያ እኔ ያላሰብኩትን አደረገች። አራት ጠንካራ ጥብጣብ አመጣችና ከሥሩ በመስቀል አቋርጣ በጎኖቹ ወደ ላይ አወጣቻቸው፤ ጫፋቸውን እጀታ አደረገችው። አሁን ክብደቱን የሚሸከመው ጥብጣቡ ነው። ጨርቁ ብቅሉን ይይዛል፣ ሌላ ሥራ የለውም።

ትናንት ጠመቅሁበት። ያው 5 ኪሎ ብቅል፣ ያው 27 ሊትር። እጀታዎቹን አገር ቤት ስንሄድ ሻንጣ የምንመዝንበት የእጅ ሚዛን መንጠቆ ላይ አንጠለጠልኳቸው። ብድግ ሲል 11 ኪሎ ከ600 አለ። ውሃው እንደ ዝናብ ወረደ፤ ከ10 ደቂቃ በኋላ ጠብታ ሆነ። ፍርግርጉ ላይ አሳርፌ በድስት ክዳን ተጫንኩት፤ ስመዝነው 7 ኪሎ ከ200 ወረደ። ስፌቱን ዞሬ አየሁት። አንድም ክር አልተነቀነቀም።

24ኛው መልስ የአሌክሳንድሪያዋ እናት ናቸው። ለፋሲካ ሊያሰፉ ነው፤ የበርሜላቸውን ልክ ላኩልኝ። ወርዱ 45፣ ቁመቱ 50 ሳንቲ ነው። እትዬ፣ ወርዱን 75፣ ቁመቱን 88 ሳንቲ ያስቆርጡ። ለስፌት በየጎኑ 2 ሳንቲ ይጨመርበት። ጨርቁ ከኔ የደቀቀው ይሁን፤ ጥብጣቡን አይርሱት።